በሞጣ ገበያ የተሰየመው ሽማግሌ

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ኮሌጅ የመጡ ሁለት ወጣት መምህራን ቢቸና ቤቴ ድረስ መጥተው በሬን አንኳኩ። የትያትር ተማሪዎቻቸው ሊመረቁ ነው። "ጋሼ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው የሙያው መድረክ ላይ እንዲቆሙ እንዴት እናዘጋጃቸው? ልምድዎን ያካፍሉን" አሉኝ። መምጣታቸው አልገረመኝም። የገረመኝ እስከ ዛሬ መዘግየታቸው ነው።

ራሴን ማመስገን አልወድም፤ ግን ያለውን መደበቅም ደግ አይደለም። የቀለም ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ትያትርን ማንም አላስተማረኝም። በልጅነቴ አንድ ተጓዥ ቡድን ደብረ ማርቆስ መጥቶ ሲጫወት በአዳራሹ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። ወደ ቢቸና ስመለስ መንገዱን ሙሉ የጌታውንም፣ የአሽከሩንም፣ የሴቲቱንም ቃል እያፈራረቅሁ ስናገር፣ አብረውኝ የሚጓዙት ነጋዴዎች ልቤን የነካኝ መስሏቸው ጸበል ሊወስዱኝ ተማክረው ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያላገኘሁትን ደግሞ ራሴ አሰብኩት። ሌሎች በዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ብዙ ነገር እኔ በቢቸና ዝናብ ውስጥ ቀድሜ ደርሼበታለሁ።

እንግዶቼ ስልካቸውን ፊቴ አስቀምጠው ድምፄን ቀዱ። ስልኩ ደክሞ እስኪጠፋ አወራሁላቸው። ካሠለጠንኳቸው ልጆች ማን የትኛው ትያትር ቤት እንደገባ፣ ማን በቴሌቪዥን እንደታወቀ፣ አንድም አላስቀረሁም። ረክተው ሄዱ። እነሱ ሲወጡ ካፊያው ቆሞ ነበር። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየተሳበ አጥሩን፣ ከዚያ ጌሾዎቹን፣ ከዚያ የደጁን ድንጋይ ቀስ እያለ ዋጠው። ከጎረቤት የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ መጣ። ዓለሙ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ድምፅ ብቻ ቀርቶ፣ ነቅቼም ተኝቼም ሳልሆን ተቀምጬ ሳለ ለእንግዶቼ ስሙን ያላነሳሁላቸው ልጅ ትዝ አለኝ። ዮናስ።

የደርግ ዘመን ነው። ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ የቢቸና ቀበሌ የኪነት ቡድን መሪ ነበርኩ። ሰልፍ ሲኖር እንዘፍናለን፣ ስብሰባ ሲኖር ግጥም እናነባለን። በመሃል ግን ካድሬው ዓይኑን ሲያዞር እውነተኛ ትያትር እንሠራ ነበር። አንድ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ጥቂት የትያትር ተማሪዎች ከመምህራቸው ከዘሪሁን ጋር ተላኩልን። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ክረምቱን ከእኔ ጋር ተለማምደው መስከረም ላይ ሞጣ ከተማ ያሳያሉ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ገምጋሚ መጥቶ ያያቸዋል። እሱ "ይሆናል" ያለው ትያትር ቤት ይቀጠራል። የቀረውን መንግሥት ባሻው ቦታ ይመድበዋል። በዚያ ዘመን የተመደቡበትን ቦታ አልሄድም ማለት አይታሰብም።

ዘሪሁን የተማረ ሰው ነበር፤ ሐቁን አልክድም። ትንፋሽ ከሆድ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራቸዋል። እኔ ደግሞ ትንፋሽ መቼ እንደሚያዝ አስተምራቸዋለሁ። የቀበሌው አዳራሽ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድበት ጆሮ ያደነቁራል። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ዝናቡን ለማሸነፍ ይጮኹ ነበር።

"አትጩኹበት" አልኳቸው። "ዝናብም ይተነፍሳል። ስሙት። ሲመታ ዝም በሉ፣ ሲለዝብ ተናገሩ። እናንተ ዝም ስትሉ ሰዉ ጆሮውን ያቀናል።"

ይህን በየትም መጽሐፍ አላነበብኩትም። ከቆርቆሮ ነው የተማርኩት። ዘሪሁን ሰምቶ ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ።

ዮናስ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ ነበር። ልብስ ሰፊው አባቱ "ሒሳብ ተማር" ቢለው እምቢ ብሎ ትያትር በመግባቱ ተኳርፈዋል። አንድ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆመን የጣሪያውን ጠፈጠፍ እያየን ቆሎ ስንቆረጥም "ጋሼ ልየው" አለኝ፣ "ዕቃ ግምጃ ቤት ከመደቡኝ ሞቼ ነው። ሌላ ምንም አልችልም። መተኛት እንኳ በደንብ አልችልም፤ ይሄን ብቻ ነው የምፈልገው።" ቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር።

በትያትሩ ውስጥ የተሰጠው የሽማግሌ አባት ቦታ ነው፤ ዋናው ሰው። ታዲያ ልጁ ሽማግሌ ማለት ሕመም መሰለው። ወገቡን ያጎብጣል፣ እጁን ያንቀጠቅጣል፣ በየቃሉ መሃል ይስላል።

"አንተ፣ አባትህ ሳል አለበት?" አልኩት።

"የለበትም።"

"ታዲያ ይሄን ሳል ከየት አመጣኸው?"

"ከጤና ጣቢያ ነው ጋሼ" አለች ሶስና። ከተማሪዎቹ ሁሉ ምላሷ የሰላ እሷ ነበረች። "ተራውን ሳይጠብቅ ወሰደው።"

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ግን ሳሉ አብሮት ወጣ። እሑድ እሑድ ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ወደሚቀመጡበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየወሰድኩት አሳየሁት። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት መሬቱን ያያል፤ ከመናገሩ በፊት ደግሞ ሰው ሁሉ መቀመጡን ያያል። ዮናስ ይሰማኛል፣ ይገባዋል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ይስላል። ጳጉሜን ሲገባ ዘሪሁን በሁላችን ፊት "ዮናስ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ በዚህ ሳል ሞጣ ከቀረብክ አትቀጠርም" አለው። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ።

ወደ ሞጣ የሄድነው በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። የመስከረም መንገድ! ጭቃው ገና አልጠነከረም፤ መኪናው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ግራና ቀኙ ቢጫ ነው፣ አደይ ነው፣ ኑግ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጤፉ ንፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ከልጆቹ አንዱ "ሞተን እንዳይሆን" አለ፤ ማንም አልሳቀበትም፤ እንደዚያ ነበርና። ሞጣ ስንደርስ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ግቢያቸውን ለቀቁልን፤ ትኩስ ዳቦ ከማር ጋር አበሉን፤ ለዮናስ ጺም ብለውም ረጅም ነጭ የፍየል ጠጉር መርጠው ሰጡን። እኔ በግራር ሙጫ ለጠፍኩለት። እጄ ያለበት ሥራ ስለሆነ ማማሩን መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን የራሴን ዘዴ ልንገራችሁ። ተማሪ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ገበያ አስገባዋለሁ። የገጸ ባሕርይውን ልብስ ለብሶ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ሰው ዞሮ ካየው ወድቋል። ገፍቶት ካለፈ፣ ወይም "እስቲ ይችን ያዝልኝ" ካለው፣ አልፏል። ትያትሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። ረፋድ ላይ ዮናስን ጋቢ አልብሼ፣ ከዘራ አስይዤ፣ ጥምጥም አስሬ ለቀቅሁት። እኔ ከበርበሬ ሻጮቹ ኋላ ሆኜ ተከተልኩት።

ማንም ዞሮ አላየውም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የጨው ተራውን አልፎ የከብት ተራው ጋ ሲደርስ ሁለት ገበሬዎች ሲጨቃጨቁ አገኘ። አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ገና ጎረምሳነት ያልለቀቀው ነው። ጎልማሳው ቀና ብሎ ዮናስን አየና ሮጦ የጋቢውን ጫፍ ያዘው።

"አባቴ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፤ አይለፉን!"

ዮናስ ቆመ።

"መንገደኛ ነዎት፤ ማናችንንም አያውቁም" አለ ጎልማሳው። ስሙ አያ ቢተው መሆኑን በኋላ ሰማሁ። "የኛ አገር ሽማግሌ ወይ ለእሱ ወይ ለእኔ ያደላል። ነገ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ እንቀርባለን። እዚያ ከገባን አንዳችን እንታሰራለን፤ ልጆቻችንም ደመኛ ይሆናሉ። ዛሬ እርስዎ ይዩን።"

"እንግዲያ እሳቸው ይዩን" አለ ወጣቱ ዘለቀ፣ ፊቱን አዙሮ። "እኔ የምደብቀው የለኝም።"

በአገራችን እንዲህ በስም የተያዘ ሽማግሌ ረግጦ አይሄድም። የመንገድ ሰው በመሆኑ ነው የተመረጠው፤ ከሁለቱም ስላልሆነ። ዮናስ በዓይኑ ፈለገኝ። እኔ "ግባበት" ብዬ ጠቀስኩት። ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ልምምድ።

ወይራ ሥር ወሰዱት። ከመቀመጡ በፊት መሬቱን አየ። ከዚያ አንዴ ሳለ። "ይማርዎ" አለው ዘለቀ ከልቡ። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልሳለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንዳንድ በሬ አላቸው፤ አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። ፋሲካ ሰሞን አያ ቢተው ሲያርስ ውሎ ወደ ቤት ሲነዳ የዘለቀ በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። ዘለቀ "አድክመህ ገደልክብኝ" ይላል። ቢተው "ፊትም ዓይኑ ታሞ ነበር፤ ደብቀኸኛል" ይላል። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ክረምቱ ሙሉ የሁለቱም ማሳ ጦም አደረ።

ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። አንዲት ማር ሻጭ ባልንጀራዋን "የወዴት አገር ሰው ናቸው?" ስትላት ሰማሁ።

"እኔንጃ። ከቆላ መሰሉኝ።"

"እንዲያው ፊታቸው ላይ አንድ ደግ ነገር አለ፤ አይደል?"

ዮናስ አንድ ነገር ያደርግ ነበር፤ እኔ ያላስተማርኩት። ቢተው ሲናገር የሚያየው ዘለቀን ነው። ዘለቀ ሲናገር ደግሞ ቢተውን። የሚናገረውን በጆሮው ትቶ ዝም ያለውን ሰው ያያል። ጎብጦ የነበረው ጀርባው ቀና ብሏል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሽማግሌ መምሰሉን ረስቶታል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሽማግሌነቱን አልተጠራጠርኩም፤ ጺሙን በእጄ የለጠፍኩት ሰውዬ!

 ከዚያ ስለ በሬ ምንም የማያውቅ የከተማ ልጅ ብቻ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

"በሬው ማን ይባል ነበር?"

"ሸጋው" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከፋሲካ ወዲህ መጀመሪያ ይመስለኛል። "ስለ ሸጋው ንገሩኝ" አላቸው። ዘለቀ ሸጋው ጥጃ ሳለ እንዴት በጡጦ እንዳሳደገው እያለቀሰ ተናገረ። ቢተው ሸጋውን ከራሱ በሬ ጋር እንዴት እኩል ተራመድ እያለ እንዳላመደው ተናገረ። ነገሩ እየረዘመ፣ እየለዘበ ሄደ፤ ልክ የቆርቆሮው ዝናብ እንደሚለዝበው።

እኔ ግን ፀሐይዋን አየሁ። ሰዓቱ እየደረሰ ነው። ዘሪሁን ከአዳራሹ ሰው ልኮ "ገምጋሚው ደርሷል፤ ሳይመሽ ባሕር ዳር መግባት አለበት" አስባለኝ። ሰውን ገፍቼ ወደ ዮናስ ጆሮ ጠጋ አልኩ። "ሰዓቱ ደርሷል፤ ተነሣ። ሕይወትህ ነው።"

ቀስ ብሎ ቀና አለ። በፀሐዩ የተነሣ ሙጫው ለዝቦ ነበር፤ በግራ ጉንጩ በኩል ያለውን ጺም በመዳፉ ደግፎታል። ላየው ሰው ያሰበ ይመስላል።

"ልጄ" አለኝ፣ በዕድሜ የምበልጠውን ሰውዬ፣ "ሰዎቹ አልጨረሱም። እኔን አትጠብቁኝ።"

ሮጬ ሄድኩ። ምን ይደረግ? የሁሉንም ሰው ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማጠና ሰው ነኝና፣ ያለ ጺም፣ ያለ ጥምጥም፣ የአባትየውን ቦታ ራሴ ተጫወትኩ። አዳራሹ ተናወጠ። ካድሬው ሳይቀር አለቀሰ። ይህን የማወራው ለኩራት አይደለም፤ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው። ሶስናና ሌላ አንድ ልጅ "ይሆናሉ" ተባሉ። በዮናስ ስም አጠገብ ገምጋሚው "አልቀረበም" ብሎ ጻፈ።

ወጥተን ላንድሮቨሩ አጠገብ ገምጋሚውን ስንሸኝ ዮናስ ከገበያው በኩል መጣ። ብቻውን አይደለም። ቢተው በቀኝ፣ ዘለቀ በግራ ሆነው ክንዱን ደግፈውታል፤ ያስታረቀን ሽማግሌ እስከሚሄድበት መሸኘት ወግ ነውና። ታርቀዋል። ቢተው ያሳደገውን ወይፈን ለሁለታቸው ሊያላምድ፣ ከቀረው በሬ ጋር ሊጠምዱ ተማምለዋል። ይቅር ለእግዜር ተባብለው፣ የዮናስን ጉልበት ስመው ተነሥተዋል።

ገምጋሚው መኪናው ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ አይቶ እግሩን አወረደ፤ ባርኔጣውን አነሣ።

"ጤና ይስጥልኝ አባባ። ትያትሩን አዩት?"

ትንፋሼን ያዝኩ። ሶስና ክንዴን ጨመቀችኝ። ልጁ ሊያደርግ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ጺሙን መሳብ። ከዚያ የበለጠ ፈተና በዓለም ላይ የለም፤ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ የትያትር ሰው ባርኔጣ አንሥቶለታል! ዮናስ ገምጋሚውን አየ። ከዚያ ዘለቀን አየ። ዘለቀ እንደ ልጅ ክንዱን አጥብቆ ይዞታል።

"አልደረስኩበትም ልጄ" አለ ዮናስ። "በደህና ግባ።"

መኪናው ሄደ። አቧራ የለም፤ መስከረም ነው። ጭቃው ላይ የጎማው መስመር ብቻ ቀረ። ሁለቱን ሰዎች ሶስና "ጠላ ቅመሱ" ብላ ወደ ግቢው ስታስገባቸው ዘሪሁን ዮናስን ትከሻውን ያዘው።

"ለምን አልተናገርክም? አብደሃል?"

"ጉልበቴን ስመዋል፣ መምህር" አለ። "ጺሙን ብነቅለው ዕርቁም አብሮ ይነቀላል።"

ከዚያ እጁን ከጉንጩ አወረደ። ጺሙ ግማሹ ተንጠለጠለ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ወጣት ልጅ፣ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ። ዘሪሁን ትከሻውን ለቀቀው። 

አያ ቢተው ከግቢው ተመልሶ ወጣ። ዮናስን ከነተንጠለጠለው ጺሙ አየው፤ አልደነገጠም። እኔን ወደ ጎን ሳበኝ።

"ለዘለቀ እንዳትነግሩት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ያውቁ ነበር?"

"ፍየል ሳረባ የኖርኩ ሰው የፍየል ጠጉር ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ወደ ግቢው ገልመጥ አለ። ዘለቀ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ይሰማል። "ከዕርቅ ሲያስቆመኝ የነበረው እልህ ነው። በሬውስ ሞተ። ልጁ 'ማን ይባል ነበር' ሲለን ዘለቀ አለቀሰ፤ እኔም ክረምቱን ሙሉ ስፈልግ የነበረው ከእሱ ጋር አብሮ ማልቀሱን ነው። ፊቱ ያለቀሰበትን ሽማግሌ ሐሰተኛ ነው ብዬ ብነግረው ምን ይሆናል?"

ዮናስ ራቅ ያለ አውራጃ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። መድረክ ላይ ቆመ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በዚያው ዓመት በሰኔ ለሥራ ወደ ሞጣ ሳልፍ ግን መንገድ ዳር ሁለት ሰዎች ሲያርሱ አየሁ፤ አንድ ያረጀ በሬ ከአንድ ገና እግሩ ካልጠና ወይፈን ጋር ተጠምዶ፣ ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ዘምቦ። መኪናው ለጭቃው ዝግ ሲል ዘለቀ አወቀኝ።

"እኒያ ሽማግሌ ደኅና ናቸው?" ብሎ ጮኸ።

"ደኅና ናቸው!" አልኩት።

"ዕድሜ ይስጣቸው!"

አያ ቢተው ዕርፉን ይዞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ጉሙ አሁን እየገፈፈ ነው። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ እንድናገር መኪና ልኮ ይወስደኛል፤ እሄዳለሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው እነግራቸዋለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚነግራቸው የለም። ስለ ዮናስ ልንገራቸው ወይስ ልተወው አልቆረጥኩም። ለሥራ የሚዘጋጅ ልጅ ይህን ሰምቶ ምን ያደርገዋል? የምነግረው አንድ ልጅ ሥራ ያጣበትን ቀን ነው።

ብቻ አንድ ነገር አለ። እኔ ዛሬ ጺሜ የራሴ ነው። የቢቸና ሰው ሲጣላ ይጠራኛል፤ ወይራም ባይሆን ዋንዛ ሥር እቀመጣለሁ። አንዱ ሲናገር እኔ ዝም ያለውን አየዋለሁ። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። ሰዉ "የጋሼ ልየው ዓይን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ" ይላል። ጥበቡ የራሴ ይመስላቸዋል። እኔም እንደ ልማዴ ዝም እላለሁ፤ በሆዴ ግን በየጊዜው የዚያን ልጅ ጉልበት እስማለሁ።